አቀንጭራ፣ መቅሰፍትና ዕውቀት

በማሽላ ማሳ የሚበቅለው አቀንጭራ አበባው ያምራል፤ ሥሩ ግን ከማሽላው ሥር ጋር ተጣብቆ ውሃውንና ምግቡን ይመጥጣል። ገበሬው አረሙን የሚያየው ከመሬት ብቅ ሲል ነው፤ ያን ጊዜ ሰብሉ ከሥር ተጎድቷል። ጠላት ሳይታይ ጉዳት ሲደርስ ሰው ምክንያቱን ከሰማይ መፈለጉ አይገርምም። ረሃብ መቅሰፍት ነው ወይስ ሊታወቅ የሚችል ምክንያት አለው? ምክንያቱን ማወቅስ እምነትን ይነካል?

በኦሪት ዘፍጥረት ዮሴፍ የፈርዖንን ሕልም ሲፈታ ፍቺው የእግዚአብሔር መሆኑን ተናገረ። ወዲያው ግን ብልህ ሰው ይሾም፣ ከረሃቡ በፊት በሚመጡት ሰባት የጥጋብ ዓመታት የምርቱ አምስተኛ እጅ ይከማች አለ። ራእዩ ሥራውን አላስቀረም፤ እንዲያውም ግዴታ አደረገው። ምህላ ያደረሰ ገበሬ ዘር መምረጥንና አፈር ማከምን ቢማር ጸሎቱን አይክድም።

የአቀንጭራ ዘር እንደ ብናኝ የደቀቀ ነው፤ በአፈር ውስጥም ለዓመታት ሳይሞት ይቆያል። የሚነቃው እንደ ማሽላ ያለ ተክል ሥር የሚያመነጨው ኬሚካል ሲደርሰው ነው። ማሽላው ግን ኬሚካሉን የሚልከው አረሙን ሊጠራ አይደለም፤ ፎስፈረስ ሲያጥረው ከሥሩ ጋር ተጋግዘው የሚኖሩ ፈንገሶችን ለመጥራት ነው። አቀንጭራ ለሌላ የተላከውን ጥሪ ሰምቶ ይመጣል። በተራቆተ መሬት የሚበረታበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። የደከመ መሬት አቀንጭራ እንደሚያበዛ ገበሬ በዓይኑ ያያል፤ ሳይንስ የጨመረለት «ለምን» የሚለውን ነው።

በጅማ የእርሻ ትምህርት ቤትና በዓለማያ ኮሌጅ የተማሩት ፕሮፌሰር ገቢሳ እጀታ በ2009 እ.ኤ.አ. የዓለም የምግብ ሽልማትን ያገኙት ድርቅንና አቀንጭራን የሚቋቋሙ የማሽላ ዝርያዎችን በማውጣታቸው ነው። ከእነዚህ ዝርያዎች የአንዳንዶቹ ሥር ያን ጥሪ እምብዛም አይልክም። እዚህ የሚያደርሰው ትምህርት የሽምደዳ ትምህርት አይደለም። የፎቶሲንተሲስን ትርጉም በቃሉ የሚወጣ ተማሪ ከትምህርት ቤቱ አጥር ማዶ ያለው ማሽላ ለምን እንደቀጨጨ ካልጠየቀ ገና አልተማረም።

ዕውቀት ሁሉንም ረሃብ ግን አያስወግድም። የምጣኔ ሀብት ሊቁ አማርትያ ሴን በ1981 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ የወሎን ረሃብ ጭምር መርምሮ፣ ሰው የሚራበው እህል ስለጠፋ ብቻ ሳይሆን የሚገዛበት አቅም በማጣቱም መሆኑን አሳይቷል። ይህ ለአፈር ሳይሆን ለፍትሕ የሚቀርብ ጥያቄ ነው። ዮሴፍ ባከማቸው እህል ሕዝቡ ከሞት ተርፏል፤ ግብፃውያን ግን ለዚያው እህል መጀመሪያ ገንዘባቸውን፣ ቀጥሎ ከብታቸውን፣ በመጨረሻም መሬታቸውን ሰጡ።