የመጀመሪያው መድረሳ ሰፌድ ነው

ስለ ልጆች ተርቢያ በተነሳ ቁጥር ወሬያችን ሁሉ ስለ መድረሳ፣ ስለ ኡስታዝ፣ ስለ ትምህርት ቤት ክፍያ ነው። ልጁ ገና ሁለት ወይም ሦስት ዓመቱ ከሆነ ግን "ምን ያውቃል፣ ይደግ እንጂ" ብለን እናልፈዋለን። በ2015 ዓ.ም. የጸደቀው የአገራችን የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ለቅድመ አንደኛ ደረጃ የመደበው ሁለት ዓመት ነው። ከዚያ በፊት ያለው ዕድሜ የማን ነው? የመንግሥት አይደለም፣ የኡስታዙም አይደለም። የእናትና የአባት ነው።

"ምን ያውቃል" የምንለው ልጅ ደግሞ ከሁላችንም በላይ እየተማረ ነው። የሐርቫርድ ዩኒቨርሲቲ የሕፃናት ዕድገት ማዕከል እንደሚያስረዳው በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የሕፃን አንጎል በየሰከንዱ ከ1 ሚሊዮን በላይ አዳዲስ የነርቭ ግንኙነቶችን ይፈጥራል። እነዚህን የሚያጠነክረው ውድ መጫወቻ አይደለም። ልጁ በጣቱ ሲያመለክት፣ ሲንተባተብ፣ ሲጠይቅ ከትልቅ ሰው የሚያገኘው መልስ ነው።

ለሥራ ጉዳይ ወደ ባሌ በሄድኩበት ጊዜ ገሰራ ውስጥ በእንግድነት ያደርኩበትን ቤት ላንሳ። ገሰራ የስንዴና የገብስ አገር ነው። ጠዋት ላይ አያቲቱ ሰፌድ ይዘው ስንዴ ይለቅማሉ። ሦስት ዓመት ያልሞላው የልጅ ልጃቸው አጠገባቸው ቁጭ ብሎ አንዲት ፍሬ ያነሳና "አኮ፣ ኩንሆ?" ይላቸዋል፤ "አያቴ፣ ይሄስ?" ማለቱ ነው። እሳቸውም አንዴም ሳይሰለቹ በኦሮምኛ ይመልሱለታል። ይህ ስንዴ ነው፣ ይህ እንክርዳድ ነው፣ ይህ ጠጠር ነው። ጠጠሩን ወስዶ ጣሳ ውስጥ መጣል የእሱ ሥራ ነው። ጣሳዋ "ቃ" ባለች ቁጥር ይስቃል።

በመሀል ሰፌዱን ደፋው። እኔ ጥፊ ባይሆን እንኳ ቁጣ ይከተላል ብዬ ጠበቅሁ። ሴትዮዋ ግን ሪዝቅ መሬት ላይ እንደማይተው ነግረውት "ቢስሚላህ በልና አብረን እንልቀም" አሉት። "ቢስሚላ፣ ቢስሚላ" እያለ አንድ በአንድ ለቀመ። በግማሽ ሰዓት ያልቅ የነበረው ሥራ ከአንድ ሰዓት በላይ ፈጀ። እኛ የከተማ ሰዎች ለልጅ መክፈል ያቃተን ይህችን ተጨማሪ ግማሽ ሰዓት ነው፤ የትምህርት ቤቱን ክፍያ ግን ተበድረንም እንከፍላለን።

በዚያ ሰፌድ ላይ ቁጥር ነበር፣ ቋንቋ ነበር፣ ክፉውን ከደጉ መለየት ነበር። የአላህ ስምም ነበር። በቁርኣን ሉቅማን ልጁን በቁልምጫ ጠርቶ ስለ አላህ ሁሉን አዋቂነት ሲያስተምረው ምሳሌ ያደረገው ምንን ነው? የሰናፍጭ ቅንጣትን አይደለምን?

የረሱላችንም (ሰ.ዐ.ወ.) መንገድ ይኸው ነበር። በእርሳቸው ቤት ያደገው ዑመር ኢብን አቢ ሰለማ (ረ.ዐ.) ልጅ ሳለ ሲበላ እጁን በገበታው ላይ ወዲያ ወዲህ ያዞር ነበር። ገበታው ላይ እንዳለ የአላህን ስም እንዲያነሳ፣ በቀኙ እንዲበላ፣ ከፊቱ ካለው እንዲበላ ነገሩት። ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበውታል። ትምህርቱ ሦስት ነገር ብቻ ነበር፤ ከዚያ በኋላ አበላሉ በዚያው እንደቀጠለ ራሱ መስክሯል። የአነስ (ረ.ዐ.) ታናሽ ወንድም አቡ ዑመይር ይጫወትባት የነበረች ትንሽ ወፍ በሞተችበት ጊዜም ያን ሁሉ የኡማ ጉዳይ የተሸከሙት ነቢይ ስለ ወፏ ጠይቀውታል።

አባቶች ሆይ! ይህ የሴቶች ጉዳይ ነው ብላችሁ ጋዜጣውን እንዳታጥፉት። የልጃቸውን የዘይነብን ልጅ ኡማማን ተሸክመው ይሰግዱ የነበሩት ረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) ናቸው። ሱጁድ ሲወርዱ ያስቀምጧታል፣ ሲነሱ ያነሷታል። ልጅ በሶላት የሚታዘዘው ሰባት ዓመት ሲሞላው ነው። እስከዚያ ድረስ ያያል። እኛ ስንሰግድ የሚያየን ከሆነ ማለቴ ነው። ብዙ ቤት ውስጥ ግን ሶላት ሲደርስ ልጁ እንዳይረብሽ ስልክ ይሰጠውና ወደ ሌላ ክፍል ይገባል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2011 ዓ.ም. ባወጣው መመሪያ ለአንድ ዓመት ሕፃን ስክሪን ጨርሶ እንደማይመከር፣ ከሁለት እስከ አራት ዓመት ላለው ደግሞ በቀን ከአንድ ሰዓት እንዳይበልጥ አሳስቧል።

ከስልኩ ይልቅ እኔን የሚያስጨንቀኝ ግን አንደበታችን ነው። ልጁ አልበላም ሲል "አያ ጅቦ መጣልህ" እንላለን። ጅቡ አለመምጣቱን ሲያውቅብን ወደ ባሰው እንሸጋገራለን፤ "አላህ በእሳት ያቃጥልሃል!" ሱብሐነላህ! "ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም" የምንል ሰዎች፣ እዝነቱን አስቀድመን መጥራት የተማርን ሰዎች፣ ለሁለት ዓመት ሕፃን ጌታውን የምናስተዋውቀው በጅብ ምትክ አድርገን ነውን? የገሰራው ልጅ ግን ያንን ስም የሰማው ስንዴ ሲለቅም፣ አያቱ ጉልበት ሥር ሆኖ ነው።

ውሸታችንም አለ። ሰው በር ሲያንኳኳ "አባባ የለም በለው" እንላለን። ክሊኒክ ስንወስደው "መርፌ የለም፣ ከረሜላ ልገዛልህ ነው" እንላለን። አቡ ዳውድ በዘገቡት ሐዲስ አንዲት እናት ልጇን "ና፣ አንድ ነገር እሰጥሃለሁ" ብላ ስትጠራው ረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) ሰሟትና ምን ልትሰጪው አስበሽ ነው ሲሉ ጠየቋት። ተምር መሆኑን ነገረቻቸው። ምንም ባትሰጪው ኖሮ ውሸት ሆኖ ይጻፍብሽ ነበር አሏት።

እንግዲህ ክሊኒኩ በር ላይ "ትንሽ ያምሃል፣ እኔ አቅፌህ እቆያለሁ" ቢባል ልጁ ማልቀሱ አይቀርም፤ ያለቅሳል። በሚቀጥለው ጊዜ እናቱ "አያምም" ስትለው ግን ያምናታል።