የማናየው ጉድጓድ

ለባሌ ከብት አርቢ ጨዋማ ውሃ በረከት ነው፤ ከብቱን ነድቶ ሆራ ያጠጣል። ያው ጨው በሕንድ ውቅያኖስ ዳርቻ በመጠጥ ውሃ ጉድጓድ ሲገኝ ግን መከራ ነው። ሁለቱ ስፍራዎች በውሃ ይገናኛሉ። ከባሌ ተራሮች የሚነሣው ወይብ በሲናና በኩል አልፎ፣ በሶፍ ዑመር ዋሻ ጨለማ ውስጥ ሄዶ፣ ዶሎ አካባቢ ገናሌና ዳዋ ከሚገናኙበት ይደርሳል፤ ከዚያ ጁባ ተብሎ ኪስማዩ አጠገብ ከባሕር ይቀላቀላል። ከተራሮቹ በሰሜን በኩል የሚወርደው ደግሞ ወደ ዋቢ ሸበሌ ይገባል። ሸበሌም ሞቃዲሾ ሊደርስ ሲል ታጥፎ ከባሕሩ ጎን ለጎን ይጓዛል፤ በመንገዱም ወደ መሬት እየሰረገ የከርሰ ምድሩን ውሃ ይመግባል። ታዲያ ደገኛው ስለማያየው ጉድጓድ በፈጣሪ ፊት ይጠየቃል? ይጠየቃል ባይ ነኝ።

ጣፋጭ ውሃ ከባሕር ውሃ ስለሚቀል በላዩ ይንሳፈፋል። በባሕር ዳር ጣፋጩ ውሃ ከባሕር ወለል 1 ሜትር ከፍ ካለ፣ ከወለሉ በታች ጨዋማውን ወደ 40 ሜትር ገፍቶ ይይዛል። የላዩ 1 ሜትር ሲጎድል የሥሩ ጨው ወደ 40 ሜትር ሽቅብ ይመጣል። ባሕሩ የሚይዘው የተለቀቀለትን ስፍራ ነው፤ ስለዚህ ከደጋው ሳይደርስ በቀረ ውሃ ምክንያትም ጉዳቱ ሊመጣ ይችላል።

«ጉድጓዱን ጨዋማ የሚያደርገው እዚያው ያለ ፓምፕ ነው፤ የሲናና ሰው ምን አጠፋ?» የሚል ይኖራል። በባሕር ዳር ከተሞች ዋናው ምክንያት ከልክ ያለፈ መሳብ መሆኑ እውነት ነው። ሆኖም ጥፋት ሌላ፣ አደራ ሌላ ነው። አደራ የተቀበለ ሰው ባይሰርቅም በእጁ ስላለፈው ይጠየቃል። «የኔ ቅል ከወንዙ ምን ያጎድላል?» ለሚለው ደግሞ ነቢዩ ሙሐመድ ውዱእ (ከሶላት በፊት መታጠብ) የሚያደርግ ሰው ከሚፈስ ወንዝ ዳር ቢሆን እንኳ ውሃ እንዳያባክን እንዳስተማሩ የሚነገረው መልስ ይሆናል። ክልከላው ተጎጂው እስኪታይ አልጠበቀም። ክርስቲያኑ ባልንጀራው ማን እንደሆነ ሲጠይቅ ደጉን ሳምራዊ ያስባል፤ ሳምራዊው ግን ቁስለኛውን በመንገዱ አግኝቶታል። የጉድጓዱን ባለቤት ማናችንም በመንገድ አናገኘውም፤ ለዚህ ጉዳይ የውዱኡ ትምህርት ይበልጥ የቀረበ ይመስለኛል።

የሚከብደኝ ሌላው ተቃውሞ ነው። በጠባብ ማሳ ልጆቹን የሚያሳድግ ገበሬ ዳገት ቢያርስ፣ ረግረግ ቢያጠነፍፍ፣ ስለ ኪስማዩ ብሎ ይራብ? አይራብ። ሸክሙ አስቀድሞ የሚያርፈው የገበሬውን ስንዴ በምንበላው ከተሜዎችና አቅም ባለው መንግሥት ላይ ነው፤ ዳገቱን የተወ ገበሬ ማካካሻ ሊያገኝ ይገባል። ጥበቃው ለደገኛውም ይበጃል፤ ደኑና ረግረጉ የክረምቱን ዝናብ ይዘው በበጋ በዝግታ ይለቁታል። እነርሱ ሲጠፉ ዝናቡ በጎርፍ ያልፋል፣ ምንጩ በበጋ ይደርቃል፤ ያኔ ቀድሞ የሚጠማው እዚያው ባሌ ያለው የሮቤና የጎባ ከተሞች ሰው ነው፣ የባሕር ዳሩ ሰው ተራ የሚደርሰው ከዚያ በኋላ ነው።