ያልዋሸው ቡችላ

አዲስ አበባ ውስጥ መንገድ ዳር ቡችላ አቅፈው የሚሸጡ ወጣቶች ወደ መኪና መስኮት ጠጋ ብለው የሚናገሩት ቃል አጭር ነው፤ «ጀርመን ነው»። ጀርመን ሼፐርድ ማለታቸው ነው። ስልክ አውጥተው የ«እናቱን» ፎቶ ያሳያሉ፤ ትልቅ፣ ጀርባዋ ጥቁር፣ ጆሮዋ የቆመ ውሻ። ገዢው ዋጋ ይከራከራል፣ ይከፍላል፣ ቡችላውን በካርቶን ይዞ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ወራት ካለፉ በኋላ ጆሮው አልቆመም፣ ጅራቱ ወደ ላይ ተጠቅልሏል፣ ቁመቱም ባለበት ቀርቷል። ጎረቤት አይቶ ይስቃል፤ «ይሄ እኮ የሐበሻ ውሻ ነው!»

ይህ ነገር የደረሰበት አንድ ወንድም በወጣቶች የመጽሐፍ ቅዱስ ጥናታችን ላይ ጥያቄ አቀረበ። ቡችላውን የገዛው የእናቱን ግቢ እንዲጠብቅ ነው፤ ከደመወዙ ለወራት አጠራቅሞ። ሰዎች ሦስት ዓይነት ምክር ሰጥተውታል። አንዱ «ወስደህ ጣለው» አለው። ሁለተኛው «በነገር ሁሉ አመስግን፣ ይቅር በልና ተወው» አለው። ሦስተኛው ደግሞ ዘዴ አስተማረው፤ «ለሌላ ሰው ሽጠው። መዋሸት የለብህም። ‹ጀርመን ተብሎ ነው የገዛሁት› በል። እውነት አይደለም እንዴ?»

ክፍሉ ሳቀ። እኔ ግን ሦስተኛው ምክር ከሁሉ ይልቅ ልናስብበት የሚገባ ሆኖ አገኘሁት፤ ምክንያቱም አረፍተ ነገሩ ቃል በቃል እውነት ነው። እውነት በሆነ ቃል ሰውን ማታለል ይቻላል? ከተቻለስ ኃጢአቱ የቱ ላይ ነው?

አስቀድመን ለሻጩ ፍትሐዊ እንሁን። ዋሽቷል ከማለታችን በፊት ያውቅ ነበር ወይ ብለን መጠየቅ አለብን። የሁለት ወር ቡችላን ዝርያ በዓይን መለየት ከባድ ነው። የእውነተኛ ጀርመን ሼፐርድ ቡችላ ጆሮም በዚያ ዕድሜ የወደቀ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚቆመው ከሦስት እስከ ስድስት ወር ባለው ጊዜ ነው። ቀለሙም ሲያድግ ይለወጣል። ተመራማሪዎች የሰዎችን ግምት ከዘረ መል ምርመራ ጋር ሲያስተያዩ፣ በውሻ ሥራ ላይ የኖሩ ባለሙያዎች እንኳ የድቅል ውሻን ዝርያ በመልኩ ሲገምቱ ብዙ ጊዜ እንደሚሳሳቱ ታይቷል። ስለዚህ መንገድ ዳር የቆመው ልጅ እሱም ከሌላ ሰው «ጀርመን ነው» ተብሎ ተቀብሎት ሊሆን ይችላል።

አውግስጢኖስ በ4ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ገደማ ስለ ውሸት አንድ መጽሐፍ ጽፏል። በእርሱ አስተሳሰብ ውሸታም የሚያሰኘው የቃሉ ሐሰት መሆን ብቻ አይደለም፤ አንድ ነገር በልብ ይዞ ሌላ በአፍ መናገር ነው። ሐሰት የሆነውን ነገር እውነት መስሎት የተናገረ ሰው ውሸታም አይባልም፤ ያላጣራውን እንዳጣራ አድርጎ በመናገሩ ግን ችኩልነቱ ሊወቀስ ይችላል። በዚህ ሚዛን ሻጩ ምናልባት ችኩል እንጂ ውሸታም ላይሆን ይችላል። የማያውቃትን ውሻ ፎቶ «እናቱ ናት» ብሎ ካሳየ ግን ያ ሌላ ነገር ነው፤ እዚያ ላይ አላወቅኩም ማለት አይቻልም።

አሁን ይህንኑ ሚዛን ወደ ወንድማችን አዙሩት። ሻጩ ባያውቅ እንኳ እርሱ ዛሬ ያውቃል። «ጀርመን ተብሎ ነው የገዛሁት» ሲል ቃሉ እውነት ነው፤ በልቡ ያለው ግን «ይህ ሰው ጀርመን ነው ብሎ ያምናል፣ ይከፍለኛልም» የሚል ነው። ገንዘብ የሚያመጣለት ገዢው ከዚያ ቃል የሚደርስበት የተሳሳተ ድምዳሜ ነው።

መጽሐፍ ቅዱስ ይህን ዓይነት ንግግር ያውቀዋል። አብርሃም በጌራራ ሳራን እህቴ ናት አለ። በኋላ አቢሜሌክ ሲጠይቀው የሰጠውን መልስ በዘፍጥረት 20 አንብቡት፤ በእርግጥም የአባቴ ልጅ ናት፣ የእናቴ ልጅ ግን አይደለችም ይላል። ቃሉ እውነት ነበር! ያልተናገረው አንድ ነገር ነው፤ ሚስቱ መሆኗን። በዚያ በተተወው ቃል ምክንያት አቢሜሌክ የሰው ሚስት ወሰደ፣ ቤቱም ሁሉ በመከራ ውስጥ ገባ። የሚገርመው በዚህ ታሪክ ውስጥ ልቡ ንጹሕ እንደ ነበረ እግዚአብሔር የመሰከረለት አረማዊው ንጉሥ መሆኑ ነው። የእምነት አባታችን አብርሃም እዚያ የቆመው በሦስተኛው መካሪ ቦታ ላይ ነው።

«ታዲያ ሻጭ የሚያውቀውን ሁሉ ለገዢ መንገር አለበት?» የሚል ጥያቄ ከእናንተ መካከል ይነሣል፤ በጥናታችንም ላይ ተነሥቷል። ጥያቄው የቆየ ነው። ሮማዊው ሲሴሮ ከክርስቶስ ልደት 44 ዓመት በፊት ለልጁ በጻፈው መጽሐፍ ይህንኑ አንሥቷል። ረሀብ ባለበት በሮድስ ደሴት አንድ ነጋዴ ከእስክንድርያ እህል ጭኖ ይደርሳል። ከኋላው ሌሎች መርከቦች እህል ይዘው እየመጡ እንደሆነ ያውቃል። ለሕዝቡ ይንገር ወይስ ዝም ብሎ በውድ ይሽጥ? ሲሴሮ በዚህ ላይ የተለያዩ ሁለት ፈላስፎችን ሐሳብ ያቀርባል፤ ዲዮጋንስንና ተማሪውን አንቲጳጥሮስን። ሁለቱም በሐዋርያት ሥራ 17 ላይ ጳውሎስን ያነጋገሩት ኢስጦኢኮች ከተባሉት ወገን ናቸው። መምህሩ ሕግ ያዘዘውን ጉድለት ከተናገረና ካላታለለ ይበቃዋል፣ ዝም ማለት መደበቅ አይደለም ይላል። ተማሪው ግን ሰዎች ሁሉ አንድ ማኅበር ናቸውና ገዢው ሊያውቀው የሚገባ ነገር አይሸሸግም ይላል። ሲሴሮ ወደ ተማሪው ያደላል። ለራስ ጥቅም ሲባል ሌላው እንዳያውቅ መፈለግ መደበቅ ነው ባይ ነው።

እኔም ከተማሪው ጋር ነኝ፤ ነገር ግን መምህሩን በቀላሉ አንናቀው። ሻጭ ሁሉ ያለውን ሁሉ ይዘርዝር ብንል ገበያ አይቆምም። የመርካቶ ነጋዴ ከጎኑ ያለው ሱቅ በስንት እንደሚሸጥ ለእያንዳንዱ ገዢ የመንገር ግዴታ ያለበት አይመስለኝም። የቡችላው ነገር ግን ከዚህ ይለያል፤ ምክንያቱም ዋጋው የተሠራው በዚያች አንዲት ቃል ላይ ነው። «ጀርመን» የምትለዋን ቃል አውጡና ዋጋውን ተመልከቱ፤ ከጥቂቱ በቀር ምንም አይቀርም። ዋጋውን የተሸከመውን ነገር መሸሸግ የሰውን ገንዘብ መውሰድ ነው።

ገዢዎችም ከዚህ ነጻ አይደለንም። ምሳሌ 20፥14 ላይ ያለውን ገዢ ታውቁታላችሁ፤ ሲገዛ ዕቃውን ያጣጥላል፣ ከሄደ በኋላ ይመካል። በጣም በርካሽ «ንጹሕ ጀርመን» አገኘሁ ብሎ በልቡ ሻጩን ሞኝ ያደረገ ገዢ በኋላ የሚያሰማው ጩኸት ግማሹ ከቁጭት የመጣ ነው። የወንድማችን ጉዳይ እንዲህ አልነበረም፤ የተጠየቀውን ከፍሏል።

ሁለተኛውን ምክር፣ «ይቅር በልና ተወው» የሚለውን፣ ብዙ ሳልቆይበት ልለፈው። ይቅርታ የልብ ግዴታ ነው። ነገር ግን ማቴዎስ 18፥15 በደል የደረሰበትን ሰው ወደ በደለው ሂድ፣ ለብቻችሁ ሆናችሁ ንገረው ይለዋል። ሻጩን ፈልጎ «ያልከኝ አይደለም» ማለት መንፈሳዊነትን አይቀንስም፤ ሻጩ ሳያውቅ አድርጎት ከሆነ ያውቃል፣ አውቆ ከሆነም ቀጣዩ ገዢ ሊተርፍ ይችላል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችንም በማታለል የተገኘ ውል ሊፈርስ እንደሚችል ይደነግጋል። 1ኛ ቆሮንቶስ 6ን ጠቅሶ «ብትበደሉ አይሻልምን» የሚል ሰው፣ ያ ቃል አማኝ ከአማኝ ጋር በማያምኑ ፊት ስለ መካሰሱ የተነገረ መሆኑን ያስተውል። በእኛ ታሪክ ግን ሻጩ ስልኩን አያነሣም፤ ስለዚህ ጉዳዩ ያለው ግቢ ውስጥ ነው፤ ቡችላው ጋ።

«ለውሻ ይህን ያህል?» የሚል ሰው እንዳለ አውቃለሁ። ያደግነው ውሻ ከበር ውጭ በሚኖርበት ባህል ነው፤ ስሙም ስድብ ነው። ቢሆንም ምሳሌ 12፥10 ጻድቅ ሰው የሚታወቅበትን ነገር ሲናገር ለእንስሳው ነፍስ መራራቱን ይጠቅሳል፤ እንስሳው ጥሩ ዝርያ ከሆነ የሚል ቅድመ ሁኔታ አላስቀመጠም።

ኢያሱ 9ን አስቡ። የገባዖን ሰዎች ያረጀ ልብስ ለብሰው፣ የሻገተ እንጀራ ይዘው፣ ከሩቅ አገር የመጡ መስለው ቃል ኪዳን አስገቡ። ከሦስት ቀን በኋላ ጎረቤቶች መሆናቸው ታወቀ። ሕዝቡ አጉረመረመ። አለቆቹ ግን በእግዚአብሔር ስም ምለናልና አንነካቸውም አሉ። እንጨት ቆራጭና ውሃ ቀጂ አደረጓቸው፤ አልገደሏቸውም። በምዕራፍ 10 ደግሞ ገባዖን በጠላት ስትከበብ ኢያሱ ሌሊቱን ሁሉ ከጌልገላ ገስግሶ አዳናቸው። ከዘመናት በኋላ ሳኦል ያንን ቃል ስላፈረሰ በዳዊት ጊዜ ሦስት ዓመት ረሀብ ሆነ፤ 2ኛ ሳሙኤል 21። በተንኮል የተጀመረ ግንኙነት እንኳ ግዴታ ወልዷል ማለት ነው። ልብ በሉ፤ እዚያ የዋሹት ራሳቸው ገባዖናውያን ነበሩ። ቡችላው ግን ማንንም አልዋሸም። ጀርመን ነኝ አላለም። ከእናቱ ተነጥሎ በካርቶን መጣ፣ የሰጡትን በላ፣ ከጥቂት ሳምንት በኋላ ደግሞ በሩ ሲንኳኳ መጮህ ጀመረ።

«ወስደህ ጣለው» የሚለው ምክር እንግዲህ በሁለት ሰዎች መካከል የተፈጠረውን ዕዳ ሦስተኛ ወገን እንዲከፍል ያደርጋል። የሚከፍለውም ቡችላው ብቻ አይደለም። ሳይከተብ መንገድ ላይ የተጣለ ውሻ በአገራችን ምን እንደሚያመጣ እናውቃለን። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በሰው ላይ ከሚደርሰው የእብድ ውሻ በሽታ እስከ 99 በመቶ የሚሆነው የሚመጣው በውሻ ነው። ምልክቱ አንዴ ከታየ በሽታው ከሞላ ጎደል ሁልጊዜ ይገድላል። በውሻ ከሚነከሱት ውስጥ ብዙዎቹ ሕፃናት ናቸው። በአንዱ ሰፈር የተጣለ ቡችላ በሌላው ሰፈር የሰው ልጅ ያገኛል።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ከርዕሱ ትንሽ ወጣ ያለ ቢመስልም። ወንድማችን ሲናገር «ዲቃላ ሆኖ ተገኘ» አለ። ቃሉን ለውሻ ብቻ እንደማንጠቀምበት ሁላችሁም ታውቃላችሁ። የውሻ ንጹሕ ዝርያ የምንለው ራሱ የሰው መዝገብ ነው። ጀርመን ሼፐርድ የሚባለው ዝርያ የተመዘገበው ማክስ ፎን ሽቴፋኒትስ የተባለ የፈረሰኛ ጦር መኮንን እ.ኤ.አ. በ1899 ሆራንድ የተባለ አንድ የእረኛ ውሻ ገዝቶ የዝርያ ማኅበር ካቋቋመ በኋላ ነው። ሆራንድ ራሱ ከተለያየ አካባቢ ከመጡ የእረኛ ውሾች የተወለደ ነበር። ሽቴፋኒትስ ከሁሉ አብልጦ ያየው የውሻውን ሥራ ነበር። ወንድማችንም ውሻ የፈለገው ለእናቱ ግቢ ጥበቃ ነው። ጠየቅኩት፤ «ሌሊት ይጮኻል?» «ኧረ እንቅልፍ አይሰጥም!» አለ፤ ክፍሉ እንደገና ሳቀ።

ይህ ማለት ገንዘቡ አልተበላም ማለት አይደለም። ተበልቷል። ሊያቆየው ባይችል፣ ቢሸጠው ወይም ቢሰጠው ግን ለተቀባዩ የሚናገረው ረጅም አይደለም፤ ጀርመን ተብሎ ተሸጠልኝ፣ እንዳልሆነ ዛሬ አውቃለሁ፣ ዕድሜው ይህ ነው፣ ተከትቧል ወይም አልተከተበም። ዋጋው ይወርዳል፤ በተከፈለውና በሚገኘው መካከል ያለውን ልዩነት የሚሸከመው እርሱ ነው፤ ሰንሰለቱም እርሱ ጋ ይቆማል። ያ ቀላል ገንዘብ አይደለም፤ ቀላል ነው ብዬ ልሰብከው አልፈልግም። የኅብረቱ ጓደኞቹ ለክትባቱ አዋጥተው ቢረዱት ግን ከሦስቱ ምክሮች ሁሉ የሚሻል ይመስለኛል።

ወደ እንስሳት ሐኪም ሲወስደው በክትባት ካርዱ ላይ «ዝርያ» የሚል ክፍት ቦታ ያገኛል። እዚያ ላይ «አይታወቅም» ተብሎ ቢጻፍም መርፌው ያው ነው።