ባለጋሪውና አናጢው

ቆሼ ውስጥ የማረቆ በርበሬ የሚያመላልስ አንድ ባለጋሪ ነበር አሉ። ልጓም የሚይዝለት ልጅ ብልህ ነው፤ ጉድጓዱን ከሩቅ አይቶ ፈረሱን ሰብሰብ ያደርገዋል። ባለጋሪው ይህን ተማምኖ አናጢ ዘንድ ሄደ።

«ጋሼ፣ እንጨቱን ቀጠን አድርገው ይሥሩልኝ። ጋሪው ሲቀል ሁለት ጆንያ እጨምርበታለሁ።»

«መንገዱ ሲያንገጫግጨው ይሰበራላ።»

«ልጁ እያለ አያንገጫግጨውም።»

አናጢው መላጊያውን አስቀምጦ በአውራ ጣቱ የባሕር ዛፉን ጠርዝ ዳበሰ። «ልጁ ታሞብህ ያውቃል?»

«በዓመት አንዴ ቢሆን ነው።»

«ፈረሱ ሲበረግግ ልጁም ደንግጦ ልጓሙን ወደ ቦዩ የሳበው ቀንስ?»

ባለጋሪው ዝም አለ።

«በዓመት አንዴ ከታመመ እንጨቱ እንደ ድሮው ይወፍራል። በሃያ ዓመት አንዴ ቢሆን ጥቂት እልግልህ ነበር፤ ጥቂት ብቻ።»

ይህ የአውሮፕላን መሐንዲሶችም ደንብ ነው። ኤፍ-16 ተዋጊ ጄት ላይ አብራሪው መሪውን እስከ መጨረሻ ቢስብ ኮምፒውተሩ ጫናውን የስበት 9 እጥፍ ላይ ይገታዋል። ቦሌ የምናያቸው ድሪምላይነርና ኤ350ም የሚታዘዙት በኮምፒውተር በኩል ነው። ታዲያ ልጓም ያዥ ካለ ክንፉ ይቅጠን?

የመንገደኛ አውሮፕላን አካል በአገልግሎት ዘመኑ ይገጥመዋል የተባለውን ትልቁን ጫና 1.5 እጥፍ አድርጎ ለ3 ሴኮንድ ሳይሰበር መቻል አለበት። ጫናውን የሚገታው ሥርዓት ሲበላሽስ? የአውሮፓው ደንብ ብልሽቱ ለሚደርስባት ቅጽበት ያንኑ 1.5 ይጠይቃል፤ ብልሽቱ ብርቅ በሆነ ቁጥር ይቀንስና፣ በቢሊዮን የበረራ ሰዓት አንዴ የሚያጋጥም ዓይነት ሲሆን 1.25 ላይ ይቆማል። ከዚያ በታች አይወርድም። እኔ ከአናጢው ቃል ሁሉ አጥብቄ የያዝኩት «ጥቂት ብቻ» ያለውን ነው።

የቦዩ ነገር ግን በእንጨት ውፍረት አይመለስም። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ከቦሌ ወደ ናይሮቢ የተነሣው ቦይንግ 737 ማክስ አውሮፕላናችን ክንፉ አየር ላይ አልተሰበረም። ሶፍትዌሩ ከአንድ ሴንሰር የመጣ የተሳሳተ ምልክት አምኖ አፍንጫውን ደጋግሞ ወደ መሬት ደፋው። ቢሾፍቱ አቅራቢያ 157 ሰዎች አለቁብን። ማክስ ወደ ሰማይ የተመለሰው ሶፍትዌሩ ሁለት ሴንሰሮችን እንዲያመሳክር ከተደረገ በኋላ ነው።