ጫማ ያስወለቀው ምንጭ

ክረምት ላይ በእንጦጦ አናት የሚዘንበው ዝናብ ከጫፉ ለሁለት ይከፈላል። በሰሜን የወረደው ወደ ዓባይ ያመራል። በደቡብ፣ በየካና በጉለሌ በኩል የወረደው በቀበናና በመሰሎቹ አድርጎ አቃቂን ይቀላቀልና አዋሽ ይገባል። ሁለቱም ወንዞች ከሩቅ አገር አሳሾችን ጠርተዋል። ለእነዚህ ሰዎች ሐውልት ማቆም፣ በዓል መሰየም ይገባል ወይ?

ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ የዓባይ መነሻ ከሆነው ግሽ ዓባይ የደረሰው እ.ኤ.አ. በ1770 ነው። ስፔናዊው ካህን ፔድሮ ፓኤዝ በ1618 ቀድሞታል። ብሩስ ራሱ እንደጻፈው፣ መንገድ መሪው ወልዶ ምንጩን ሊያሳየው ቀይ የሐር መቀነቱን ተቀበለው። ብሩስም ቁልቁል ሲወርድ ጫማውን አወለቀ፤ ለአካባቢው አገው ምንጩ የተቀደሰ ነበርና። በጫማ የማይቀረብ ምንጭ ከማን ጠፍቶ ነው የተገኘው?

የአዋሽ ታሪክ ደግሞ ከየካ ይነሳል። እንግሊዛዊው አሳሽ ዊልፍሬድ ቴሲጀር እ.ኤ.አ. በ1910 የተወለደው አባቱ የእንግሊዝ መንግሥት ተወካይ በነበሩበት ሌጋሲዮን ውስጥ ነው፤ ግቢው ዛሬም በየካ የእንግሊዝ ኤምባሲ ነው። በ1933 እና 1934 አዋሽን ተከትሎ ወንዙ አቤ ሐይቅ ውስጥ እስከሚያልቅበት ተጓዘ። ከእሱ በፊት በ1875 ወደ አፋሮቹ ምድር አውሳ የገባው ስዊዘርላንዳዊው ሙንዚንገር ከነብዙ ተከታዮቹ ተገድሏል። ቴሲጀር ግን በአውሳው ሱልጣን መሐመድ ያዮ ፈቃድ አለፈ። አፋሮች ግመሎቻቸውን ሲያጠጡበት የኖሩት ውኃ በአውሮፓ ካርታ ላይ የሰፈረው እነሱ መንገድ ስለሰጡ ነው።

የአሳሾቹን ድካም መካድ ግን ግፍ ነው። ብሩስ በግእዝ የተጻፈውን መጽሐፈ ሄኖክ ወደ አውሮፓ ወስዶ ለዓለም ምሁራን አድርሷል። ቴሲጀርም እ.ኤ.አ. በ1941 ከአርበኞች ጋር ፋሺስትን ተዋግቷል።

በእኛ ዘንድ ዝክር የሚደገሰው ስለ ሌላው ለደከመ ነው፤ በዕለቱም ጎረቤት ይጠራል፣ ነዳያን ይበላሉ። የዓድዋው የካቲት 23 እና የአርበኞቹ ሚያዝያ 27 በዚህ ሚዛን ይቆማሉ፤ ሰው ለወገኑ ነፃነት ደሙን ማፍሰሱ የሚታሰብባቸው ቀናት ናቸው። ቴሲጀር ምስጋና የሚገባው በሚያዝያ 27 በኩል ነው፤ አዋሽን በመከተሉ አይደለም። ለጉዞው መጽሐፍና ሙዚየም ይበቃዋል። በአሜሪካም በርካታ የኮሎምበስ ሐውልቶች እ.ኤ.አ. በ2020 ከየአደባባዩ የተነሱት፣ መርከቡ ከመድረሱ በፊት በምድሩ ላይ የኖሩት ሰዎች ልጆች በዝምታ ማለፉን እምቢ ስላሉ ጭምር ነው።

ግሽ ላይ ድንጋይ ይቁም ከተባለ፣ ከብሩስ ስም በፊት የወልዶ ስም ይቀረጽበት። ጫማ አውልቅ ያሉት ሰዎችም ይጻፉበት።

እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ጎሕ ሲቀድ ጠበልተኞች ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ጀሪካናቸውን ይዘው ይደርሳሉ። ጫማቸውን አውልቀው በባዶ እግራቸው ቀዝቃዛውን መሬት እየረገጡ ወደ ውኃው ይጠጋሉ።