የማይቆርጥ ሰይፍ

ሐሰተኛ ነገር በእውነተኛ ትጋት የሚሠራ ሰው ምን ይባላል? ሐሰተኛ ገንዘብ የሚያትመውን ወንጀለኛ እንለዋለን። ሐሰተኛ የትምህርት ማስረጃ የሚያዘጋጀውን አጭበርባሪ እንለዋለን። ለቴአትር መድረክ የካርቶን ዘውድ የሚሠራውን ግን ባለሙያ እንለዋለን፤ እናከብረዋለንም። ሦስቱም የሚደክሙት ዓይንን ለማታለል ነው፤ የሦስቱም ሥራ የሚለካው ከእውነተኛው ጋር በመመሳሰሉ ነው። ታዲያ ልዩነታቸው ከወዴት ላይ ነው? «ከዓላማቸው» ብሎ መመለስ ይቀላል፤ መልሱም ስሕተት አይደለም። ዳሩ ግን ዓላማ በሠሪው ልብ ውስጥ ያለ ነገር ነው፤ ልብን ደግሞ ማንም ገልጦ አያይም። እኔ ልዩነቱ በራሱ በዕቃው ላይ፣ በጣት በሚዳሰስ ስፍራ ይገኛል ባይ ነኝ። ይህንንም ለማስረዳት ብዙዎቻችን የማናውቀውን አንድ የእጅ ሥራ በምሳሌነት እወስዳለሁ።

በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ በእንግሊዝኛ ምሕጻሩ «ላርፕ» የሚባል ጨዋታ አለ። ቴአትር ይመስላል፤ ነገር ግን ተመልካች የለውም፤ በቃል የሚጠና ጽሑፍም የለውም። እያንዳንዱ ተጫዋች አንድ ገጸ ባሕርይ ይይዛል፤ ባላባት፣ ነጋዴ፣ መነኩሴ ወይም ሽፍታ ይሆናል። በዚያም ማንነት ለሰዓታት፣ አንዳንዴም ለቀናት በጫካና በሜዳ ይኖራል፤ ይዋዋላል፣ ይከዳል፣ ይዋጋል። በ1977 በዋሽንግተን ከተማ አካባቢ የተጀመረው «ዳጎሂር» የተሰኘ የውጊያ ጨዋታ ከቀደምቶቹ አንዱ ነው (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በእንግሊዝ ደግሞ በ1982 «ትሬዠር ትራፕ» የተባለው ጨዋታ በቼሸር ግዛት፣ በፔክፎርተን ግንብ ውስጥ ተጀመረ። የግንቡ ነገር ራሱ የሚያስገርም ነው። ለሚያየው የመካከለኛው ዘመን ምሽግ ይመስላል እንጂ የተሠራው በ19ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ፣ ለአንድ ባለጸጋ መኖሪያነት ነው። አስመስሎ በተሠራ ምሽግ ውስጥ አስመስሎ በተሠራ ሰይፍ መዋጋት እንግዲህ እንዲህ ተጀመረ። በጀርመን፣ በብሮክሎ መንደር አጠገብ በበጋ ወራታቸው በሚደረገው ታላቅ ጨዋታ ላይ ብዙ ሺህ ሰዎች ጋሻና ሰይፍ ይዘው ይሰለፋሉ።

ሰይፉ እንዴት ይሠራል? መካከሉ ላይ ቀጭን የፋይበርግላስ ዘንግ አለ፤ አጥንቱ ይኸው ነው። በዘንጉ ግራና ቀኝ፣ ድንኳን ተክለው የሚያድሩ ሰዎች ከመኝታቸው ሥር የሚያነጥፉትን የመሰለ ጠጣር ስፖንጅ በድርብርቡ በማስቲሽ ይጣበቃል። ከዚያም በስለታም ቢላዋ እየተቀረጸ፣ በብርጭቆ ወረቀት እየተፋቀ የሰይፍ መልክ ይይዛል። በላዩ ፈሳሽ ጎማ በብሩሽ ይቀባል፤ አንዱ ሲደርቅ ሌላው ይደረባል፤ ደግሞ ሌላው። ብረት የሚያስመስለው ቀለም የሚመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ገንዘብ ያጠረው ጀማሪ የፕላስቲክ ቧንቧ በስፖንጅ ጠቅልሎ በፕላስተር ያስረዋል፤ መልኩ ባያምርም ያዋጋል። ዛሬ ፋብሪካ ሠርቶ የሚሸጣቸው ያማሩ ሰይፎች ሞልተዋል፤ ሆኖም በገዛ እጁ መሥራትን የማይተው ሰው ብዙ ነው።

ከዚህ ሁሉ ግን ትልቁ ቁም ነገር ዓይን የማያየው ነው። ዘንጉ እስከ ሰይፉ ጫፍ አይደርስም። ጥቂት ሲቀረው ይቆማል፤ ከፊቱ ስፖንጅ ብቻ ይቀራል። የዘንጉ ራስ ስፖንጁን በስቶ እንዳይወጣም በቁራሽ ቆዳ ወይም በወፍራም ጨርቅ ይሸፈናል። ጎማው ከተቀባ በኋላ ያች ቁራሽ ቆዳ ትኑር አትኑር ከሠሪው በቀር የሚያውቅ የለም። በጨዋታው ሜዳ መግቢያ ላይ ፈታሽ የሚቆመውም ስለዚህ ነው። ፈታሹ ሰይፉን ያጎብጠዋል፤ ስለቱን በጣቶቹ ይጨምቃል፤ ጫፉን በአውራ ጣቱ ይጫነዋል። የዘንጉ ራስ ከተሰማው ሰይፉ ምንም ያህል ቢያምር አይገባም። በብዙ ጨዋታዎችም ዘንግ ባለው ሰይፍ መውጋት ክልክል ነው፤ መምታት ብቻ ነው የሚፈቀደው፤ እርሱንም ክንድን ገታ አድርጎ።

እውነተኛ ሰይፍ የሚሠራ አንጥረኛ ቃል የሚገባው ለባለቤቱ ነው፤ «ይቆርጥልሃል» ይለዋል። የስፖንጅ ሰይፍ የሚሠራው ግን ቃል የሚገባው በይበልጥ ለጠላትየው ነው። በዚያች ቁራሽ ቆዳ ላይ ዓይኑን የሚጥለው ሰይፉን የያዘው ሳይሆን ሰይፍ የሚመዘዝበት፣ ምናልባትም ሠሪውን አይቶት የማያውቅ ሰው ነው።

ፕላቶ «ሪፐብሊክ» በተሰኘው መጽሐፉ 10ኛ ክፍል አስመሳዮችን ክፉኛ ይከሳል። ሦስት ዓይነት አልጋ አለ ይላል፤ አንዱ የአልጋነት ሐሳቡ፣ ሁለተኛው አናጢው የሚሠራው፣ ሦስተኛው ሠዓሊው የሚስለው። ክሱም በዚህ አያበቃም። ለማንኛውም ዕቃ የመጠቀም፣ የመሥራትና የማስመሰል ሦስት ጥበቦች አሉ፤ እውነተኛው ዕውቀት የተጠቃሚው ነው። ዋሽንት ሠሪው የዋሽንት ነፊውን ምክር ሰምቶ ይሠራል። ሠዓሊው ግን ልጓም ሲስል ፈረሰኛውን አይጠይቅም። (በእኔ አስተያየት ፈላስፋው በሠዓሊዎች ላይ ጨክኗል፤ ይህ ግን ሌላ ክርክር ነው።) የእኛ ሰይፍ ሠሪ በየትኛው ወገን ይመደብ? አስመሳይ መሆኑ አያጠራጥርም፤ ስፖንጁን ብረት ያስመስላል። ነገር ግን እንደ ዋሽንት ሠሪው ተጠቃሚውን ሳይሰማ አንዲት እርምጃ አይራመድም። እጀታው ለመዳፉ ይስማማል? ለክንዱ ይከብደዋል? በጆሮ ግንድ ላይ በስሕተት ቢያርፍ ምን ያደርጋል? ፕላቶ ለያይቶ ያስቀመጣቸው የማስመሰልና የመሥራት ጥበቦች በዚህ ሰው እጅ አንድ ሆነዋል።

«ታዲያ መመሳሰሉ ለምን አስፈለገ? ዱላ አይበቃም ወይ?» የሚል ይኖራል። ተገቢ ጥያቄ ነው። የአገራችን ልጆች የሚጫወቱት ዕቃ ዕቃ ስሙን ያገኘው ከዕቃው ነው፤ ነገር ግን ዕቃዎቹ ምንን ይመስላሉ? ገል ምጣድ ነው፤ አፈር ዱቄት ነው፤ ቅጠል ወጥ ነው፤ ቆርኪ ስኒ ነው። ገሉ ምጣድ የሆነው ምጣድን ስለ መሰለ ሳይሆን እንጀራ ስለ ተጋገረበት ነው። የሥነ ጥበብ ታሪክ ሊቁ ኤርንስት ጎምብሪክም በ1951 ስለ እንጨት ፈረስ ባሳተመው ድርሰት ከዚህ ብዙ ያልራቀ ነገር ይላል፤ በትሩ ፈረስ የሚሆነው የሚጋለብ በመሆኑ ነው። ልጅ እንግዲህ ባለጸጋ ነው። አዋቂ ግን ድኻ ነው፤ ልጁ ከራሱ የሚጨምረውን እርሱ ከዕቃው ይለምናል። ደግሞም ሰይፉን አብዝቶ የሚያየው ባለቤቱ ሳይሆን ፊት ለፊቱ የቆመው ስለሆነ፣ ያማረ ሰይፍ መሥራት ለሌላው ሰው ምናብ ስንቅ ማቀበል ነው።

በዚህ ሥራ ውስጥ ለሕሊና የሚቆረቁር አንድ ነገር አለ፤ ማስረጀት። አዲሱ ሰይፍ ዝገት ይቀባል፤ ባልተዋጋበት ጦርነት የተፋጨ ይመስል ስለቱ ላይ ጭረት ይሳልበታል። ለጨዋታው የሚያስፈልገው ደብዳቤ በሻይ ወይም በቡና ውሃ ተነክሮ ይደርቅና ዳሩ በእሳት ይለበለባል፤ የብዙ ዘመን ብራና ይመስላል። ይህ ጥበብ ለእኛ እንግዳ አይደለም። ትናንት የተሳለ ሥዕል በጭስ አጥቁሮ፣ ትናንት የተጻፈ ክታብ አቆሽሾ የመቶ ዓመት ቅርስ ነው ብሎ ለቱሪስት የሚሸጥ ነጋዴ በመካከላችን አለ። ውሃው ያው የቡና ውሃ ነው፤ እጁም ያው የሠለጠነ እጅ ነው። ነገር ግን የነጋዴው ክታብ የሚኖረው ገዢው እስካላወቀ ድረስ ነው፤ ባወቀ ጊዜ ይሞታል። የጨዋታው ደብዳቤ ሁሉም ሰው ትናንት ማታ በወጥ ቤት እንደ ተሠራ እያወቀ ይኖራል። ሐሰተኛ ገንዘብም ከሁሉ አብልጦ የሚፈራው ወረቀቱን የሚያሸውን ጣት ነው። የስፖንጁ ሰይፍ ግን የተሠራው ለዚያ ለፈታሹ ጣት ነው፤ ሲነኩት እውነቱን ይናገራል። በጣት በሚዳሰስ ስፍራ ያልኩት ልዩነት ይህ ነው።

ከባዱ ጥያቄ ፈታሽ በሌለበት የሚመጣው ነው። በጨዋታው ውስጥ በሰም የታሸገ ደብዳቤ አለ እንበል። ይሰረቃል፣ ይሸጣል፣ ስለ እርሱ ሰዎች «ይሞታሉ»፤ ሆኖም እስከ መጨረሻው ማንም ላይከፍተው ይችላል። ሠሪው ውስጡን ይጻፍበት ወይስ ባዶ ወረቀት ያሽግ? ፈላስፋው ኬንዳል ዋልተን በ1990 ባሳተመው መጽሐፍ የሚጠቅሰው ምሳሌ እዚህ ላይ ይረዳናል። ልጆች በጫካ ውስጥ «ጉቶ ሁሉ ድብ ነው» ተባብለው ይጫወታሉ፤ በቁጥቋጦ የተሸፈነ፣ ማንም ያላየው ጉቶም ቢኖር በጨዋታው ውስጥ ድብ ነው ይላል። በዚህ ከሄድን፣ ባዶ የታሸገው ደብዳቤ ባይከፈትም ባዶ ነው፤ ስለ እርሱ የወደቁትም የወደቁት ስለ ባዶ ነው።

ቆጣቢው ሰው ይህን አይቀበልም። በፊልም ላይ የምናየው በር ከኋላው ክፍል የለውም፤ ማን ተጎዳ? ይላል። እውነቱን ነው፤ ነገር ግን በፊልም ካሜራው የት እንደሚቆም አስቀድሞ ይታወቃል። በላርፕ የትኛው በር እንደሚከፈት የሚያውቅ የለም፤ የጨዋታው ነፃነትም ይኸው ነው። ባዶውን ያሸገ ሰው ማንንም አላቆሰለም፤ ነገር ግን ተጫዋቹን «አንተ አትከፍተውም» ብሎ አስቀድሞ ፈርዶበታል። ስለዚህ እኔ ይጻፍበት ባይ ነኝ፤ አንዲት መስመርም ብትሆን።

ለጨዋታ የተሠራ ዕቃ እውነቱን የሚናገረው ግን ስምምነቱን ለሚያውቅ ነው። በጥቅምት 2021 በአሜሪካ በኒው ሜክሲኮ፣ ለፊልም ቀረጻ ልምምድ ሲደረግ፣ «ባዶ ነው» የተባለ ሽጉጥ ባርቆ የካሜራ ባለሙያዋን ገደለ፤ ውስጡ እውነተኛ ጥይት ነበረበት። የመሣሪያ ኃላፊዋ በ2024 በቸልተኝነት ሰው በመግደል 18 ወር እስራት ተፈረደባት። እዚያ የጎደለው ያች ቁራሽ ቆዳ ናት፤ አንዱ ሰው ስለ ሌላው ብሎ የማይታየውን መፈተሽ።

የሌላኛው ታሪክ ሐዘን ከዚህ ይለያል። በኅዳር 2014 በክሊቭላንድ ከተማ፣ በመናፈሻ ውስጥ በመጫወቻ ሽጉጥ ሲጫወት የነበረ የ12 ዓመት ጥቁር አሜሪካዊ ልጅ በፖሊስ ተገደለ። ከ1988 ወዲህ የአሜሪካ ሕግ መጫወቻ ሽጉጥ አፈሙዙ ላይ ብርቱካንማ ምልክት እንዲኖረው ያዛል፤ ከዚያኛው ላይ ምልክቱ ተነሥቶ ነበር። ሆኖም ጥፋቱን ሁሉ በጠፋው ምልክት ላይ መጫን ለተኳሹ ማድላት ይሆናል፤ ፖሊሱ የተኮሰው በደረሰ በሁለት ሰከንድ ያህል ጊዜ ውስጥ ነው። ምልክት የሚያነጋግረው ለማየት ጊዜ የሚወስደውን ሰው ብቻ ነው። አስተዋይ ተጫዋቾች በባቡርና በመንገድ ሲጓዙ ሰይፋቸውን በጨርቅ ጠቅልለው የሚሄዱት ይህን በመገንዘብ ነው።

የጎማው ዕድሜ ረጅም አይደለም። ፀሐይና ሙቀት ያደርቁታል፤ በሲሊኮን ካልታሸ ይሰነጠቃል፤ ውስጡ ያለው ስፖንጅም በምት ብዛት ይሟሽሻል። ያን ጊዜ በቀለም በተሳለው ዝገት ላይ እውነተኛው እርጅና ይደረብበታል። የሚያሳዝነው ሰይፉ ከመቼውም ይልቅ ጥንታዊ የሚመስለውና ለዓይን የሚያምረው በዚህ ዕድሜው መሆኑ ነው። ፈታሹ ጫፉን በአውራ ጣቱ ይጫናል፤ የዘንጉ ራስ ይሰማዋል፤ ሰይፉንም ለባለቤቱ ይመልስለታል።