ሜትሩን አትዋሹት

ልጆቼ፣ ያለፈው ቅዳሜ ስትሰፉ ውላችሁ ከቤቴ ከወጣችሁ በኋላ መሬት ላይ የቀረውን የጨርቅ ቁርጥራጭ ስለቅም አንድ ሙሉ የቀሚስ ጀርባ አገኘሁ። ተቆርጦ፣ እስከ ግማሹ ተሰፍቶ፣ ተጨብጦ የተጣለ። ባለቤቱን አውቃታለሁ፤ ስሟን አልጠራም። "ጨርቁ ነው ጉድ የሠራኝ" ብላ ነው ተነሥታ የሄደችው። ጨርቁ ምንም አላደረጋትም። ስትለካ ቆሜ አይቻታለሁ።

እጃችሁን አላማም። ከልብስ ሰፊዎች በረንዳ ለቅማችሁ ባመጣችሁት ቁርጥራጭ የሰፋችኋቸው የአልጋ ልብሶች፣ እኔ በእናንተ ዕድሜ ያልደረስኩበት ሥራ ነው። ጥጉ ከጥጉ ይገጥማል፤ ክሩ አይዝረከረክም። ስለዚህ "አሁን ደግሞ የራሳችንን ቀሚስ እንስፋ" ስትሉኝ እግዚአብሔርን አመሰገንኩ። ሰልባጅ ከመጎተት የገዛ እጃችሁን ሥራ መልበስ ምንኛ ክብር ነው! ነገር ግን የለመደ እጅ ይኮራል፤ ሲኮራ ደግሞ መለካት ይሰለቸዋል።

የአልጋ ልብስ ጠፍጣፋ ነው፤ የሚያርፈውም ጠፍጣፋ ነገር ላይ ነው። አልጋ አይተነፍስም፣ አይቀመጥም፣ ታቦት ሲወጣ እጁን ለእልልታ አያነሣም። 2 ሳንቲ ሜትር ቢያጥርባችሁ የሚያውቅባችሁ የለም። ቀሚስ ግን ከትከሻ ወርዶ ደረት ላይ ይዞራል፣ ወገብ ላይ ይገባል፣ ዳሌ ላይ መልሶ ይወጣል። ጨርቁ ያው ጠፍጣፋ ነው፤ ገላው ግን ክብ ነው። በሁለቱ መካከል የሚያስታርቅ ዳኛ ሜትር ብቻ ነው።

ያቺ ልጅ እንዴት እንደለካች ልንገራችሁ። ሆዷን ወደ ውስጥ ሳበች፣ ትንፋሿን ዋጠች፣ ሜትሩን ገላዋ ላይ ምልክት እስኪያወጣ ጎተተችው። 74 መጣ። እሱም አልበቃት፤ "72 ልጻፈው፤ በጾሙ እቀንሳለሁ" አለች። ልጆቼ፣ ዐቢይ ጾም የተሰጠን ወገብ ልናቀጥንበት ነው? ይህን ስትናገር ማንም ቀና ብሎ እንኳ አላያትም፤ እኔን ያስደነገጠኝም እሱ ነው። ከዚያ በ72 ልክ ቆረጠችው፤ አንዲት ጣት እንኳ ሳታተርፍ። ሲሰፋ እንዴት ይግጠም?

ሌላዋ ሜትር አልያዘችም፤ "ሚዲየም ነኝ" ብላ መቀስ አነሣች። ሚዲየም የማን ልክ ነው? አንዱ ፋብሪካ ሚዲየም ያለውን ሌላው ላርጅ ብሎ ይጽፈዋል። ልክሽ ያለው ገላሽ ላይ ነው እንጂ አንገትጌ ላይ በተሰፋች ጨርቅ ላይ አይደለም።

ሰው ራሱን በራሱ አይለካም፤ ጎንበስ ሲል ሁሉም ይዛባል። ቀጭን ልብስ ለብሳችሁ፣ ቀጥ ብላችሁ ቁሙና እህታችሁ ትለካችሁ። ሜትሩ ከሥሩ ሁለት ጣት ያሳልፍ። ደረት የሚለካው ሞላ ባለበት ቦታ፣ ዳሌም እንዲሁ ነው፤ ጀርባ ከአንገት ሥር ካለችው አጥንት እስከ ወገብ ይለካል። ትከሻችሁን ግራና ቀኙን ለየብቻ ለኩ፤ ቦርሳ ሲሸከም የኖረ ትከሻ አንዱ ዝቅ ይላል። በምትለኩበት ጊዜ ተንፍሱ! ከዚያ በመጣው የደረት ልክ ላይ ከ8 እስከ 10 ሳንቲ ሜትር ጨምሩ። ያ ትርፍ ለትንፋሽና ለእጅ ነው፤ ማንም እንደ ውፍረት አይቆጥርባችሁም። ስፌት ውስጥ የሚገባውም ሌላ ነው። ለቁርጥራጭ የለመዳችሁት 6 ሚሊ ሜትር ለቀሚስ አይበቃም፤ 1.5 ሳንቲ ሜትር ተዉለት፤ ነገ ላስፋው ብትሉ ከየት ታመጣላችሁ?

ይህን ሁሉ የምለው የማላውቀውን ሕመም አይደለም። ደብረ ማርቆስ ሳለን እናቴ ጥጥ ትፈትል ነበር። ማታ ማታ ባዘቶው ጭኗ ላይ፣ እንዝርቱ ከጎኗ ሲሽከረከር ድምፁን እየሰማሁ ነው የተኛሁት። ሜትር አልነበራትም፤ በክንድና በስንዝር ነው የምትለካው፤ ሸማኔው ዘንድ ስትሄድ ግን ክንዱ ረጅም የሆነውን አጎቴን ይዛ ትሄዳለች። 19 ዓመት ሲሞላኝ ከመስከረም እስከ ኅዳር የፈተለችውን በታኅሣሥ አሠርታ ለጥምቀት ቀሚስ እንዲሆነኝ ሰጠችኝ። "ለሰፊው ስጪው" አለችኝ። እኔ ከ12 ዓመቴ ጀምሮ ቁርጥራጭ ስገጣጥም የኖርኩ፣ ሰፈሩ ሁሉ ባለሙያ የሚለኝ፣ ለሰፊ ልስጥ? የጓደኛዬን ቀሚስ ከላይ አንጥፌ በእሱ ልክ ቆረጥኩት። እሷ ከእኔ ትቀጥናለች፤ ማወቁንስ አውቅ ነበር።

ጥር 10 ቀን፣ ከተራ፣ ታቦቱ ከመቅደስ ሲወጣ ሴቱ ሁሉ እልል አለ። እጄን አነሣለሁ ስል ብብቱ ያዘኝ። ገፋ አደረግሁት፤ ከብብት እስከ ወገብ ተተረተረ። በነጠላዬ ተሸፍኜ ግድግዳ ተጠግቼ ቆምኩ። "ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ" ሲባል በሰማሁ ቁጥር ያ ግድግዳ ይታየኛል።

እናቴ አልተቆጣችኝም። በዓሉ ካለፈ በኋላ ቀሚሱን ጭኗ ላይ አድርጋ ስፌቱን አንድ በአንድ ተረተረችው፤ "ጥጡ አልጠፋም" አለች። ከዚያ በእኔው ቁርጥራጮች መካከል ገጣጥማ የአልጋ ልብስ አደረገችው። እስከ ዛሬ አለኝ። ነጩን ጨርቅ ፈልጋችሁ ብታዩት የብብቱ ቅድ እንደ ጨረቃ ጎብጦ ይታያል፤ አንዳንድ ማታ በጣቴ እዳስሰዋለሁ። የሦስት ወር ፈትል ነው።

እሷ ያልተቆጣችውን እኔ ዛሬ እቆጣለሁ። እሷ የተወችኝ ጥፋቴን አውቄ ስለነበር ነው፤ እናንተ ግን ጥፋቱን ጨርቅ ላይ ትጥላላችሁ። ጨርቅ፣ መኪና፣ ክር፣ ሁሉም ተወቀሰ፤ 72 ብሎ የጻፈው እጅ ብቻ ዳነ። እግዚአብሔር አባይ ሚዛን እንደሚጠላ ከመጽሐፈ ምሳሌ ተምራችኋል። ሜትርም ሚዛን ነው። ነጋዴ በሚዛን ሲያጭበረብር ሌላውን ይጎዳል፤ እናንተ በሜትር ስታጭበረብሩ እግዚአብሔር የሰጣችሁን ገላ ታፍሩበታላችሁ። የወለደች ወገቧ ይሰፋል፤ ሸክም የተሸከመች ትከሻዋ ይወርዳል። ይህ የሚታፈርበት ነው? እመቤታችንን መልአኩ ሊያበሥራት ሲመጣ ሐርና ወርቅ እያስማማች ስትፈትል ነበር ብለው አባቶች ያስተምሩናል፤ መርፌና ክር የተናቀ ሥራ አይደለምና በእውነት ሥሩት።

የቀረው አጭር ነው። ጨርቁን ሳትቆርጡ እጠቡት፤ 3 ሜትር ጥጥ አንዴ ሲታጠብ 10 ሳንቲ ሜትር ሊሸሽ ይችላል፤ ጌታችንስ ያልታጠበ ጨርቅ በአሮጌ ልብስ ላይ እንደማይጣፍ ተናግሮ የለ? ድሩ ከላይ ወደ ታች ይውረድ፤ የተንጋደደ ቅድ ይጠመዘዛል። እያንዳንዱን ስፌት ሳትቀጥሉ በካውያ ተኩሱት። የተሳሳተውን ተርትሩ፤ "ከውስጥ ነው፣ አይታይም" የሚል ቃል ቤቴ አይግባ።

ለፋሲካ ቀሚስ ያሰባችሁትን ጨርቅ ደግሞ ገና አትንኩት። አስቀድማችሁ በአቡጀዴ ሰፍታችሁ ልበሱት፤ ተቀመጡበት፣ ስገዱበት፣ እጃችሁን አንሡበት። የያዘበትን ቦታ በእርሳስ ምልክት አድርጋችሁ ተርትሩትና በእሱ ላይ አስተካክሉ። አቡጀዴ ቢበላሽ ከሦስት ወር ፈትል ጋር አይወዳደርም።

ጀርባውን የጣልሽው ልጄ፣ አጥቤ ተኩሼ አስቀምጬልሻለሁ። በጎንና ጎኑ 4፣ 4 ሳንቲ ሜትር ጨርቅ ብንጨምርበት ይሆናል፤ ቀለሙን የሚመስል ቁርጥራጭም አላጣሁም። ቅዳሜ ነይ። ሜትሩን እኔ እይዛለሁ፤ አንቺ ተንፍሺ።